ስሙ ከውጭ፣ ግሡ ከቤት፦ ከ«ስልክ» እስከ «ዳሳሽ» የኤሌክትሮኒክስ ቃላት አጭር ታሪክ

1. የጽሑፉ መነሻ

የሙያ ቃላት ስያሜ በአብዛኛው የስም ሥራ ሆኖ ቈይቷል። ዐዲስ ዕቃ ወይም ዐዲስ ሐሳብ ከውጭ ሲመጣ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ የባዕዱ ስም ይቀርባል፤ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ አቻ ይፈለግለታል፤ አቻው ሲገኝም ሥራው እንደተፈጸመ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት ከዚህ ልማድ ጥቂት ይለያል። ባለፉት አንድ መቶ ሠላሳ ያህል ዓመታት ወደ አማርኛ የገቡትን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቃላት ስንመረምር፣ ቃሉን በሕዝብ አፍ ያጸናው የትውልዱ ንጽሕና ሳይሆን ከቋንቋው ነባር ግሦች ጋር የመሠረተው ዝምድና ሆኖ እናገኘዋለን።

ጉዳዩን ዛሬ እንድናነሣው ያስገደደን ምክንያት አለ። ቀድሞ በፋብሪካና በቤተ ሙከራ ብቻ ይሠሩ የነበሩ የመለኪያና የመቈጣጠሪያ መሣሪያዎች ዛሬ በተማሪዎችና በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ወጣቶች እጅ ይገጣጠማሉ። አነስተኛ ዋጋ ያለው አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ሽቦና አንድ የሙቀት ወይም የርጥበት ዳሳሽ ያለው ሰው፣ አፈሩ ሲደርቅ ወይም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሚያስታውቅ መሣሪያ መሥራት ይችላል። ሆኖም ሠሪው የሚማርበት ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ተጠቃሚው ገበሬ ደግሞ የሚናገረው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተርጓሚ ቃል ቢያጣ ወይም ቃል ቢስት፣ ጉዳቱ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ዐልፎ ማሳ ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ታሪኩን ከተረክን በኋላ ድምዳሜያችንን በአንድ ቦታ ላይ እንፈትናለን፤ ይኸውም በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በመሐል ሜዳ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአካባቢው ኑሮ ገብስና በግ ነው፤ ብርድ የዕለት ጉዳይ ነው። ደግሞም የአማርኛን ዘዬዎች የዘረዘሩ ምሁራን መንዝን ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከአዲስ አበባ ጋር ራሱን የቻለ የዘዬ ክልል አድርገው ስለሚጠቅሱት፣ ለቃላት ጥናት ባዕድ ቦታ አይደለም።

2. ስልክና መብራት

የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መሥመር በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲዘረጋ ዕቃው የመጣው ከአውሮፓ፣ ስሙ ግን ከዐረብኛ ነበር። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ግን ሽቦነቱን ረሳው፤ ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል በትውልዱ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን እንደሆነ የሚያስብ የለም። ቃሉን ያጸናው ግሡ ነው። ስልክ «ይደወላል»፤ ይህም ግሥ ከቤተ ክርስቲያን ደወል የመጣ ነው። ደወሉ ከመሣሪያው ውስጥ ከወጣ ቈይቷል፤ ተንቀሳቃሹ ስልክ የሚጮኸው በሌላ ድምፅ ነው፤ ግሡ ግን አልተለወጠም። ስሙ ከዐረብ፣ ግሡ ከደጀ ሰላም መጥተው ተጋቡ፤ ጋብቻውም እስከ ዛሬ ጸንቷል።

የኤሌክትሪክ ኀይል በምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሁኔታው በተቃራኒው ሆነ። «ኤሌክትሪክ» የሚለው ባዕድ ስም በጽሕፈት ቢገባም፣ በንግግር ያሸነፈው የቈየው «መብራት» ነው። ኀይሉ ሲቋረጥ፣ የተቋረጠው የወፍጮ ወይም የምድጃ ኀይል ቢሆንም እንኳ፣ «መብራት ጠፋ» እንላለን። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣንም በሕዝብ አፍ «መብራት ኀይል» ሆኖ ቀረ። «በራ» እና «ጠፋ» የሚሉት ግሦች ለኩራዝም ለፋኖስም ያገለግሉ ስለነበር፣ ዐዲሱ ነገር በአሮጌዎቹ ግሦች ላይ ተቀመጠ። «ማብሪያ ማጥፊያ» የተባለውም የግድግዳ ዕቃ ከእነዚሁ ግሦች የተወለደ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግሡ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

3. የእጅ ባለሙያው ድርሻ

ሁለተኛው የቃላት ጐርፍ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ፣ ጋር የተያያዘ ነው። «ኮረንቲ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ላሜራ»፣ «ኩሽኔታ» የሚሉት ቃላት በጋራዥና በወርክሾፕ ሥር ሰደዱ። አስተማሪ አልሰበካቸውም፤ ኮሚቴም አላጸደቃቸውም። ከእጅ ወደ እጅ ከመሣሪያው ጋር ተላለፉ። ዳሩ ግን እነዚህም ቢሆኑ ብቻቸውን አልቆሙም። ኮረንቲ ሰውን «ይይዛል»፤ «ያዘ» የሚለው ግሥ ከጥንት በሽታና ባላጋራ ሰውን የሚይዙበት ግሥ ነው። ሬዲዮም እንደ በር «ይከፈታል»፣ «ይዘጋል»።

ከዚሁ ዘመን ቃላት ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚገባው «ባትሪ» ነው። በአማርኛ «ባትሪ» በመጀመሪያ የእጅ መብራቱ ስም ሆነ። ስሙ ወደ ሙሉው ዕቃ ስለ ዞረም በውስጡ ለሚገባው የኀይል ምንጭ ሌላ ስም አስፈለገ፤ ሕዝቡም «የባትሪ ድንጋይ» አለው። የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን ስም ሊነቅፈው ይችላል፤ ነገር ግን ጠጣሩን፣ ከባዱንና ሲያልቅ የሚጣለውን ነገር ላየ ሰው የተሟላ ስያሜ ነው። ድንጋዩ «ያልቃል»፤ እንደ ዘይትና እንደ ጨው።

ከውጭ ቃል ጋር ሳይጋጭ የቈየ ሌላም ነባር ግሥ አለ፤ እርሱም «በየደ» ነው። ብረትን ከብረት ማጣበቅን የሚያመለክተው ይህ ግሥ «ብየዳ» እና «በያጅ» የሚሉትን ቃላት አስገኝቷል። ሽቦን ከሰሌዳ ጋር በቀለጠ ማያያዣ ለማጣበቅም ያለ ምንም ማሻሻያ ያገለግላል። የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ የሚተረጕም ሰው ለዚህ ሥራ ዐዲስ ቃል መፈልሰፍ አያሻውም።

4. የአካዳሚው ዘመንና የ«ሕዋስ» ዕጣ

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ፣ የሙያ ቃላትን በተደራጀ መንገድ ማዘጋጀትን ዋና ተግባሩ አደረገ። የዚህ ረጅም ድካም ፍሬ የሆነው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ለኅትመት በቃ። በዘመኑ ከተፈጠሩትና ከተስፋፉት ቃላት መካከል «ርዕዮተ ዓለም» እስከ ዛሬ ሲሠራበት፣ «ወዛደር» ግን ከዘመኑ ጋር ወደ ታሪክ መጽሐፍ ተዘዋውሯል። ስለሆነም የቃል ዕድሜ የሚወሰነው በአፈጣጠሩ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የሚጠቅመው የ«ሕዋስ» ታሪክ ነው። ቃሉ በዐረብኛ የስሜት መቀበያዎችን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ይዛመዳል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም «አምስቱ ሕዋሳት» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። በዘመናዊው ትምህርት ግን ሥነ ሕይወት ቃሉን ወሰደው፤ ሕዋስ የሕያዋን አካል ትንሹ መሠረት ሆነ። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የፖለቲካ ድርጅት ንኡስ ክፍል መጠሪያም ሆኖ አገለገለ። በመሆኑም ስሜት የሚቀበል ሰው ሠራሽ መሣሪያ በመጣ ጊዜ፣ በትርጕሙ እጅግ የሚስማማው ቃል በሌላ ሥራ ተይዞ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው አንድን ነባር ቃል ለአንድ ሙያ ስንሰጥ ከሌላው ሙያ እንደምንነሣ ነው።

5. የትንሹ ሰሌዳ መምጣት

ማይክሮኮንትሮለር የምንለው የማስላት፣ የማስታወስና ከውጭ ጋር የመገናኘት ተግባራት በአንዲት ቅንጣት ላይ የተሰበሰቡበት የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። በገበያ ላይ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ምርት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ነገሩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ለተማሪና ለትርፍ ጊዜ ሠሪ የተመቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ ኢቭሪያ ከተማ «አርዱዊኖ» የተባለው ሰሌዳ ከተሠራ በኋላ ነው። ስሙ በከተማይቱ ከነበረ መጠጥ ቤት የተወሰደ ነው፤ መጠጥ ቤቱም የተሰየመው ከእ.ኤ.አ. 1002 ጀምሮ በኢጣልያ በነገሠው በአርዱዊን ስም ነበር። እንዲህ ያለው የተጸውዖ ስም አቻ አይፈለግለትም፤ የሚፈለገው አንድ ወጥ አጻጻፍ ነው። በአሁኑ ጊዜ «አርዲኖ»፣ «አርዱይኖ» እየተባለም ይጻፋል፤ ከኢጣልያንኛው ድምፅ ጋር የሚቀራረበው «አርዱዊኖ» ስለሆነ እርሱን እንመርጣለን።

የተርጓሚን ጥንቃቄ ከሚሹት ቃላት አንዱ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት የሙከራ ሰሌዳ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል «የዳቦ ሰሌዳ» ይሆናል፤ ምክንያቱም የጥንት የሬዲዮ ሠሪዎች ክፍሎቹን በእውነተኛ የዳቦ መቍረጫ እንጨት ላይ ይቸነክሩ ነበር። ያ ልማድ በእኛ አገር ስላልነበረ ቃሉን እንዳለ መገልበጥ አንባቢን ከማሳቅ በቀር ጥቅም የለውም። «የሙከራ ሰሌዳ» ይበቃል።

ማይክሮኮንትሮለርን ራሱን «ደቂቅ ተቈጣጣሪ» ለማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን «ተቈጣጣሪ» የአውቶቡስ ትኬት የሚመለከተውን ሠራተኛ፣ «ደቂቅ» ደግሞ በግእዝ ልጆችን ያስታውሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ሥዕል ከታሰበው ይርቃል። የመሣሪያው አሠራር ግን በአማርኛ ጥሩ ምሳሌ አለው፤ እርሱም «ቈጣሪ አንባቢ» ነው። የመብራት ቈጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ በየቤቱ ዞሮ ቍጥር እንደሚመዘግብ፣ ማይክሮኮንትሮለሩም በእግሮቹ ላይ የታሰሩትን ዳሳሾች በየተራ እየዞረ ያነባል፤ ከተሰጠው ወሰን ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም ያዝዛል። «አነበበ» የሚለው ግሥ ለዚህ ተግባር ከቈጣሪው ጋር አብሮ የቈየ ስለሆነ በትርጕም ያገኘነው ሳይሆን ከቤት ያገኘነው ነው።

6. «ዳሳሽ» ወይስ «መዳሰሻ»?

በእጅ ስልኮች የአማርኛ ትርጕም «የጣት አሻራ ዳሳሽ» የሚል ስያሜ እናነባለን፤ በንግግር ግን «ሴንሰር» ይበዛል። «ዳሳሽ» ትክክለኛ ነውን? ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ መዳሰስ በእጅ መንካት ስለሆነ ብርሃንንና ሙቀትን አይመለከትም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ቃሉ አስቀድሞ መስፋቱ ነው፤ «የዳሰሳ ጥናት» ስንል እጅ የነካውን አንልም። ሁለተኛው፣ የመሣሪያ ስም በአማርኛ በመ-/ማ- ጀምሮ በ-ያ ወይም በአቻው ማለቅ ስለሚገባው «መዳሰሻ» መባል ነበረበት የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። «መቍጠሪያ» በጣት እየተገፋ ጸሎት የሚቈጠርበት ዕቃ ነው፤ «ቈጣሪ» ደግሞ የማንም እጅ ሳይነካው በገዛ ራሱ የሚቈጥር መሣሪያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰው ይዞ የሚሠራበት ዕቃ የመሣሪያ ስም ሲይዝ፣ ራሱ የሚሠራው ዕቃ የባለቤት ስም ይይዛል። ዳሳሽም ያለ እጅ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ከ«ቈጣሪ» ወገን ነው። «መዳሰሻ» በጣት ለሚነካ ሰሌዳ ይቀመጥ።

ዳሳሽ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በአማራ ክልል በቆጋ የመስኖ ልማት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የተሞከረው የርጥበት ጠቋሚ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ዕቃ ከመሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ውሃ ሰርጎ ሲደርስበት ጠቋሚው ከመሬት በላይ ብቅ ይላል። ገበሬው የሚጠበቅበት ጠቋሚው ብቅ ማለቱን ማየት ብቻ ነው።

7. በመሐል ሜዳ ሙቀት ሲነበብ

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። አንድ ተማሪ በመሐል ሜዳ የውርጭ አስታዋቂ ልሥራ ቢል በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የዳሳሽ ምርጫ ነው። በብዙ የጀማሪ ትምህርቶች የሚገኘው ኤል ኤም 35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ነገር ግን በቀላሉ አገጣጠም ከዜሮ በታች ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ለመንዝ ሌሊት አይበቃም። ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የተባለው ግን ከ-55 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነባል።

ሁለተኛው ችግር የኛ፣ የቃላት ሠራተኞች፣ ችግር ነው፤ ይኸውም «ውርጭ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ተርጓሚው ፈጥኖ «ዜሮ» ቢል ይሳሳታል። ዝናሙ አልቆ ሰማዩ በሚጠራበት፣ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት፣ ምድሪቱ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ በመሬቱ ገጽ ያለው አየርም ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በመሐል ሜዳም እንዳለው ያለ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሙቀትን የሚለካው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ባለ ጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ ቴርሞሜትሩ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ሲያሳይ የገብሱ ቅጠል ግን በርዶ ሊያድር ይችላል። ገበሬው «ውርጭ» የሚለው በሰብሉ ላይ የደረሰውን ነው፤ ዳሳሹ የሚሰጠው የቆመበትን ቦታ ቍጥር ነው። ቃሉን በዜሮ ዲግሪ የሚፈታ መዝገበ ቃላት መሣሪያውን አዘግይቶ ያስጮኸዋል፤ የዘገየ ማስጠንቀቂያም ከጠፋ አዝመራ በኋላ የሚመጣ ዜና ነው።

ከዚህም በላይ «ውርጭ» ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው የሌሊቱ ድርጊት ነው፤ ሁለተኛው ከደጋ በላይ ያለው የአየር ጠባይ ክልል ነው። የስዊሱ የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ የኢትዮጵያን የእርሻ ሥነ ምኅዳር ሲከፍል ይህንኑ የአማርኛ ቃል ወስዶ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላለው ከፍታ ሰጠው፤ ዛሬ ቃሉ በእንግሊዝኛ የሳይንስ ጽሑፎች ሳይተረጐም ይጻፋል። የመንዝ ጓሳ የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው። ስለዚህ «የውርጭ ዳሳሽ» ብንል በውርጭ ክልል የተተከለውን ወይስ ውርጭን የሚያስታውቀውን? ስሙ ብቻውን አይነግረንም።

ግሡ ግን ይነግረናል። ውርጭ ሰብልን «ይመታል»፤ ጤዛ «ይወርዳል»፤ ዝናምና በረዶ «ይጥላሉ»። ክልል ማንንም አይመታም። በግእዝ «አስሐትያ»፣ «ሐመዳ» እና «በረድ» ተለያይተው የተቀመጡትን፣ በአማርኛም «ውርጭ»፣ «አመዳይ» እና «በረዶ» የምንላቸውን፣ ብዙ ተርጓሚዎች ዛሬ በ«በረዶ» አንድ ላይ ያጠቃልሏቸዋል። ለከተማ አንባቢ ልዩነቱ ላይሰማው ይችላል፤ ለመንዝ ገበሬ ግን አንዱ ከደመና የሚወርድ፣ ሌላው ከጠራ ሰማይ በታች የሚመጣ ነው፤ የሚደረግላቸው ጥንቃቄም አንድ አይደለም።

8. ስምንት ፊደል

የመጨረሻው ፈተና የጽሕፈት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ ማግኘቱ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ድል ለትንሹ ሰሌዳ አልደረሰውም። በጀማሪ ሥራዎች የሚዘወተረው ባለ ሁለት መሥመርና ባለ 16 ቤት ማሳያ፣ ኤች ዲ 44780 በተባለው መቈጣጠሪያ የሚሠራው፣ የላቲንን ፊደልና በብዙዎቹ ላይ የጃፓንን ካታካና በውስጡ ይዟል። ከዚያ ውጭ ሠሪው ራሱ መሣል የሚችለው ስምንት ቅርጽ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም በወርድ 5፣ በቁመት 8 ነጥብ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከስምንት የማይበልጡ የተለያዩ ፊደላት ብቻ ይታያሉ።

«የውርጭ ማስጠንቀቂያ» የሚለው የስም ሐረግ ዐሥራ አንድ የተለያዩ ፊደላት ስለሚፈልግ አይገባም። «ውርጭ ሊመታ ነው» የሚለው ባለ ግሥ ዐረፍተ ነገር ግን ሰባት ብቻ ይፈልጋል፤ ይገባል። ይህ የቍጥር አጋጣሚ እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም፤ 128 በ64 ነጥብ ያለው የሥዕል ማሳያ ሲገኝም ችግሩ ይወገዳል። ነገር ግን ጠባቡ ማሳያ የሚያስገድደን ምርጫ በሰፊውም ቢሆን ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም በሌሊት የነቃ ሰው ሊሰማ የሚፈልገው የመሣሪያውን የሥራ ዘርፍ ሳይሆን ምን ሊሆን እንደሆነ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ በመነሣት ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ገበያ የሚያውቃቸው የዕቃ ስሞች፣ እንደ «አርዱዊኖ» እና «ማይክሮኮንትሮለር» ያሉት፣ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ይወሰዱ። ሁለተኛ፣ «ዳሳሽ» በ«ቈጣሪ» አምሳል ይጽና፤ «ሴንሰር» የሚለውን ተናጋሪ ግን ማንም አይነቅፈው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የሙያ ስም በመዝገብ ሲገባ አብረውት የሚሄዱት ግሦች አብረው ይመዝገቡ፤ «ዳሳሽ ያነባል»፣ «ድንጋይ ያልቃል»፣ «ውርጭ ይመታል» ተብሎ። አራተኛ፣ የአየር ጠባይ ቃላት ነገሩን በየዕለቱ በሚያዩ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ እንደ መንዝ ባለ ደጋ፣ ሳይፈተኑ አይጽደቁ።

«ስልክ» ሽቦውን ጥሎ፣ «መብራት» ኩራዙን ትቶ፣ «ቈጣሪ» ከሰው ወደ ብረት ተሻግሮ የኖረው ግሦቻቸው ስላልከዷቸው ነው። ለዳሳሹም የምንመኝለት ይህንኑ ነው።